የተሰበረው ሲኒ የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከመሀል ከተማ ናቸው፤ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከለገሃር፣ ከብሔራዊ አካባቢ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ ካፌ አላቸው፣ አንዷ ማተሚያ ቤት ታስተዳድራለች፣ አንዱ ሱቁን ዘግቷል። ዞረው ዞረው የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ላይ ነገር ሲበላሽ ማን ነው አፉን የሚከፍተው? ለማንስ? የሰውና የድርጅት ስም አልጠቀስንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

«አራት ኪሎ ካፌና ኬክ ቤት አለኝ። 19 ሠራተኞች አሉኝ። ዕቃ የሰበረ ይከፍላል፤ ሒሳብ ሲጎድል ካሸሯ ትሞላለች፤ ማን እንደሰበረው ካልታወቀ በፈረቃው የነበሩት ሁሉ ይካፈሉታል። ሲቀጠሩ ይነገራቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ዲፕ ፍሪጁ ቆሞ አደረና ሥጋውም ክሬሙም ተበላሸ። በኋላ ሳጣራ ፍሪጁ መንገራገር ከጀመረ ሳምንት አልፎታል፤ ቢያንስ አራት ሰው ሰምቶታል። አንድም ሰው አልነገረኝም። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሁሉንም አባርሬ እንደ አዲስ ልጀምር?»
የካፌ ባለቤት፣ ከአራት ኪሎ

አያባርሩ። ቢያባርሩም አዲሶቹ ብዙ ሳይቆዩ እንደ ድሮዎቹ ይሆናሉ፤ ይህን ጠባይ ያስተማራቸው ደንብዎ ነውና። ሲሰሙት ደስ አይልም፣ አውቃለሁ።

እስቲ ነገሩን በአስተናጋጇ በኩል ይዩት። ፍሪጁ ይንገራገራል። ልንገራቸው ትላለች። ከዚያስ? የእርስዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ «ማነው የነካው?» ነው። ትናንት ማታ የዘጋችው እሷ ከሆነች ዕዳው በእሷ ላይ ሊወድቅ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የጓደኛዋን ስም ልትጠራ ነው፤ ነገ አብራት ልትሠራ፣ ምሳ አብራት ልትበላ። ዝም ካለች ግን የሚመጣባት ነገር የለም። ምናልባት ድምፁ ራሱ ይጠፋል፣ ምናልባትም ፍሪጁ የሚቆመው በሌላው ፈረቃ ነው። እርስዎ ቤት መናገር ያስከፍላል፣ ዝም ማለት በነጻ ነው። አራቱም ሰዎች ሒሳባቸውን በትክክል ሠርተዋል።

የተሰበሩት ሲኒዎችስ የት እንደሚገቡ ያውቃሉ? በጋዜጣ ተጠቅልለው ከቆሻሻው ሥር ነው የሚገቡት። ወር ላይ ሲቆጠር «ድሮም አልነበረም» ይባላል። ስለዚህ በወር ስንት ሲኒ እንደሚሰበር አያውቁም፤ ከሁሉም በላይ የት እንደሚሰበር አያውቁም። የማጠቢያው መደርደሪያ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ትሪው ያንሸራትት ይሆናል፤ ከኩሽና ሲወጣ ያለችው አንዲት ደረጃ ትሆናለች። አንድ ጣውላ ቢመታ የሚቆም ኪሳራ ከሰው ደሞዝ እየተቆረጠ ዓመት ይቀጥላል። ለሁሉም ማካፈሉ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገሩ፤ ምንም ያልነካችው ልጅ ስትከፍል በሚቀጥለው ጊዜ ለመጠንቀቅ ምን ምክንያት ይኖራታል?

ካሸሯ ጋ ያለው ደግሞ ይብሳል። አሁን ደንበኛው ብዙ ጊዜ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ነው የሚከፍለው፤ «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያል። የውሸት ስክሪንሹትም ይዞ የሚመጣ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ አንዱ ማኪያቶ አንዱ ስፕሪስ እያለ፣ ካሸሯ ማያውን በጨረፍታ አይታ ታሳልፈዋለች። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ይጎድላል። የዚያኑ ማታ ብትነግርዎት ነገሩ በአንድ መመሪያ ያልቅ ነበር፤ የክፍያው መልእክት በካፌው ስልክ ላይ ሳይገባ ሰው አይሸኝም፣ በቃ። ግን ከደሞዟ እንደሚቆረጥ ስለምታውቅ ከጉርሻዋ ሞልታ ዝም ትላለች። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። በሌላኛዋ ካሸር ፈረቃ።

ሕጉም ቢሆን ከእርስዎ ጋር አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1156፣ አሠሪ ከደሞዝ ላይ እንዲሁ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ወይ ሕግ፣ ወይ የኅብረት ስምምነት፣ ወይ የሥራ ደንብ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይ ሠራተኛው የተስማማበት ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። ይህ ኖሮም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ተደማምሮ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ አይችልም። «ሲቀጠሩ ይነገራቸዋል» የሚለው ከእነዚህ ውስጥ የለም። አንዷ ተነስታ ብትከስዎት የሲኒውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ለጠበቃ ይከፍላሉ።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ትንሽ ይሳሳታሉ ብላ ነው የጀመረችው። ቁጥሩ ተገልብጦ መጣ። ብዙ ስህተት የተመዘገበው ጥሩዎቹ ቡድኖች ዘንድ ነበር። ጠጋ ብላ ስታየው ነገሩ ተገለጠ፤ እነዚያኞቹ ስለሚናገሩ ይመዘገብላቸዋል፣ ሌሎቹ ስለሚፈሩ ይደብቃሉ። የእርስዎ ካፌ መዝገብ ላይ ፍሪጁ እስከ ቅዳሜ ድረስ ጤነኛ ነበር። ወረቀቱ እንደዚህ ንጹሕ ሲሆን ነው መፍራት ያለብዎት።

እና ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ቅጣቱን ያንሱ። በወረቀት ለጥፈው ሳይሆን ራስዎ ሰብስበው፣ በአፍዎ። ከዛሬ ጀምሮ በአጋጣሚ ለተሰበረ ዕቃ ማንም አይከፍልም ይበሉ። የዚህ ሳምንቱንም ለተቆረጠባቸው ይመልሱ፤ አለዚያ ማንም አያምንዎትም። ከዚያ ማጠቢያው ጋ አንድ ደብተር ያንጠልጥሉ። ምን ተሰበረ ወይም ተበላሸ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ። የስም ቦታ አይኑረው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብተሩ ባዶ ይሆናል፤ ሰው እየፈተነዎት ነው። እርስዎ ራስዎ ይጻፉበት። ጾም መግባቱን ረስተው የክሬም ኬክ አብዝተው ያስጋገሩ ቀን የለም? እሱን ይጻፉት፣ የተጣለውንም ብዛት ጨምረው። ሠራተኞችዎ ያን ኬክ የጣሉት በእጃቸው ነው፤ አልረሱትም።

ከዚያ አንድ ቀን አንዷ መጥታ «እትዬ፣ የማኪያቶ ማሽኑ ውሃ ያፈሳል» ትልዎታለች። ያቺ ደቂቃ ከሁሉም ትበልጣለች። ካፌው በሙሉ ፊትዎን እያየ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ቢቆጡ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። «ጥሩ አደረግሽ፣ ነይ አሳዪኝ» ይበሉና ይሂዱ። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ከመገጣጠሚያው መስመር በላይ ገመድ አለ። ሠራተኛው እንከን ሲያይ ይስበዋል፤ የቡድን መሪው ሊረዳው ይመጣል፤ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ስንቱ ኩባንያ ገመዱን ገልብጦ ሰቅሏል መሰለዎት። የመሪው ፊት የሚያስፈራ ከሆነ ግን ገመዱን የሚነካ የለም።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር ይለፍ ማለት አይደለም። ሌብነት ሌላ ነው፤ ማስረጃ ይዘው በሕጉ ይሂዱበት። ተነግሮት፣ ተጽፎለት፣ ያንኑ ደጋግሞ የሚያጠፋም ሌላ ነው። በእነዚህ ላይ ጠንከር ካሉ ሌሎቹ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

«ለገሃር አካባቢ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የአንድ ደንበኛ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቆይቶ ብዙ ኪራይ ተከፈለ። ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበንና ‹በግልጽ እንነጋገር፣ ከስህተታችን እንማር› አለ። እኔም የዋህ ሆኜ ሰነዱ እሱ ጠረጴዛ ላይ ለፊርማ አራት ቀን መቆየቱን ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው እንኳ ቀዝቅዟል። ከእንግዲህ አፌን ብዘጋ አይሻልም?»
እህታችሁ፣ ከለገሃር

እህቴ፣ በስብሰባ ላይ ለጊዜው ዝጊው። በግል ግን ክፈቺው።

የተናገርሽው እውነት ነው፤ ቦታው ነው ያልሆነው። እኛ አገር «ስህተታችንን እንይ» ተብሎ የተጠራ ስብሰባ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን ሒስና ግለ ሒስ ነበር። ከ1983 ወዲህ ደግሞ ግምገማ ከጫካ ወደ መሥሪያ ቤት ገባ፤ ሰው በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ተነስቶ ጥፋቱን ይናዘዛል፣ ሌሎቹ ይጨምሩበታል፣ በመጨረሻ ከቦታው ይነሳል ወይም ይተርፋል። እዚያ ውስጥ ያለፈ ሰው የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ መናገር ያስመታል። ያን ዘመን ያልደረሱት ወጣቶችም ከአባቶቻቸውና ከአለቆቻቸው ወርሰውታል። ስለዚህ አንቺ ስለ ሰነድ ስታወሪ ሥራ አስኪያጅሽ የሰማው «ተገመገምኩ» የሚል ነው። የቀሩት ዝም ያሉት ሞኝ ሆነው አይደለም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ቅዝቃዜው ሳይጠነክር ቢሮው ግቢ። ጠዋት አይሁን፣ ጠዋት ስልኩ ፋታ አይሰጠውም። «ባለፈው ስብሰባ ላይ የተናገርኩት አስከፍቶህ ከሆነ በሰው ፊት ማለቴ ልክ አልነበረም» በይው። ቃሉን አትመልሺ፤ ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ ቦታው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያው መፍትሔ ይዘሽ ቀጥይ። አንተ ሳትኖር ሰነድ የሚፈርም ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ ወይም ከሞጆ ጋር የተያያዘ ወረቀት በሌላ ቀለም ፎልደር ይግባና ከሁሉም በፊት ይፈረም። በቀን ስንት ብር ኪራይ እንደተቆጠረ በወረቀት ይዘሽ ግቢ። አለቃ ከቅሬታ ጋር ይጣላል፤ ከደረሰኝ ጋር ለመጣላት ግን ይቸግረዋል።

ይህን ዓምድ ሥራ አስኪያጆችም ስለሚያነቡት አንድ ነገር ልጨምር። ስህተትን መስማትና ስህተትን መቅጣት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ሲሆኑ መስማቱ ይሞታል። አቪዬሽን ይህን ቀድሞ ገብቶታል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ ላይ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም መከላከል ብቻ መሆኑ፣ ጥፋተኛ መለየት የምርመራው ሥራ አለመሆኑ በግልጽ ተጽፏል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብራሪዎች ስህተታቸውን የሚያሳውቁበት ሥርዓት አላቸው። ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚነጥቀው የአቪዬሽን ባለሥልጣን አይደለም፤ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ነው። ናሳ ማንንም መቅጣት አይችልም። የሪፖርት አድራጊው ስምም ከመዝገቡ ይወጣል። ሳያውቅ ጥፋት ያጠፋ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ካሳወቀ፣ ወንጀልና አደጋ እስካልሆነ ድረስ፣ በአብዛኛው ከቅጣት ይድናል።

ናሳ የሚያህል መሥሪያ ቤት ይቋቋም አልልም። ግን ስብሰባውን የሚመራው የሰነዱ ባለቤት መሆን የለበትም። ሌላ ክፍል ያለ ሰው ይምራው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀን በቀን ምን ሆነ የሚለው ይሁን፤ ሰኞ ሰነዱ የት ነበር፣ ማክሰኞስ። ሰኞን ጠይቆ ማክሰኞን ያገኘ ሰው ማንንም ሳይጠቁም አራተኛው ቀን ላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ «እኔ ጋ ነበር» ካለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስብሰባ ሌላ ስብሰባ ይሆናል።

«ብሔራዊ ጀርባ ማተሚያ ቤት አለን። አባቴ ሲታመም እኔ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ፤ 29 ዓመቴ ነው። ፕሮዳክሽኑን የሚመራው ጋሼ ከአባቴ ጋር የጀመረ ነው። ባለፈው የሠርግ ሰሞን የጥሪ ካርድ ያለ ደንበኛ ፊርማ አትሞ 400 ካርድ ጣልን። ‹ጥር 17› ብሎ ከሥሩ የፈረንጁን ቀን ‹26› አለው፤ 25 ነበር መሆን ያለበት። ስናገረው ‹አንቺ ሳትወለጂ ካርድ አትሜያለሁ› አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እንዴት ነው ይህን ሰው የምመራው?»
ወጣት ሥራ አስኪያጅ፣ ከብሔራዊ

ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል፤ ካርዱና ሳቁ። ለየብቻ እንያቸው።

ካርዱ ላይ ጋሼ ቀን መቁጠር አያውቅም ብዬ አላምንም። ጥር 17 በ2016 ዓ.ም በፈረንጁ 26 ነበር የዋለው። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር። ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ እስከ የካቲት ድረስ፣ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል፤ በሌሎቹ ዓመታት 25 ላይ ይመለሳል። የኔ ግምት አንድ ሰው የድሮ ካርድ ፋይል ከፍቶ ስሙን ቀይሮ፣ ጥር 17 ትክክል መሆኑን አይቶ፣ ከሥር ያለውን ሳይነካ አልፎታል። ይህ በሠርግ ሰሞን፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለችው አጭር ጊዜ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ፋይሉን ክፈቺና ራስሽ አረጋግጪ። እንዳልኩት ከሆነ መፍትሔው ጋሼን መውቀስ አይደለም፤ የድሮ ፋይል ላይ መሥራት ይቅር፣ የቀኑ ቦታ ባዶ የሆነ አንድ ናሙና ይዘጋጅ፣ ፕሩፉ (የማረሚያ ወረቀቱ) ላይ ደንበኛው ካልፈረመ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) አይወጣ። ደንበኛው ሙሽራው ብቻ አይሁን፤ እናቱ ይዩት። የስም ፊደል ስህተት የሚያገኙት እናቶች ናቸው።

ሳቁ ግን ሌላ ነው። ጋሼን በሰው ፊት አርመሽዋል። አንቺ ልክ ብትሆኚም ሠራተኛው ያየው ልጅ ታላቅ ስትናገር ነው፤ እሱም የተከበረበትን ቤት መከላከል ነበረበት። እኛ ቤት ታላቅን በአደባባይ ረትቶ የተከበረ ታናሽ የለም። ስለዚህ ለብቻው፣ ማሽኑ በቆመበት ሰዓት፣ ቡና አስፈልተሽ አነጋግሪው። ትእዛዝ ይዘሽ አትሂጂ፤ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ ሰሞኑን ይህ ካርድ ጉድ ሠራን። በአባቴ ጊዜ ፕሩፍ እንዴት ነበር የምታስፈርሙት?» በይው። አባትሽ ያለ ፊርማ ያሳትም ነበር ብዬ አልገምትም፤ በድሮው ጊዜ ፊደል በእጅ ሲለቀም ስህተት ማረም በጣም ውድ ስለነበር ማረሚያ ወረቀት ሳይታይ ወደ ማሽን የሚገባ ነገር አልነበረም። ጋሼ ራሱ ይነግርሻል። እሱ በነገረሽ ደንብ ላይ ደንብሽን ሥሪ፣ ለሠራተኛውም እሱ ይናገር። «ፕሩፍ ያልተፈረመበት ወረቀት እኔ ማሽን ላይ አይወጣም» ብሎ ጋሼ ሲናገር ማን ይስቃል?

እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ሁኚ። ብዙ ወጣት አለቃ አክብሮት ብሎ የሚጀምረው ይሉኝታ ሆኖበት ያልቃል። ተስማምታችሁ ደግሞ ያለ ፊርማ ካተመ፣ አሁንም ለብቻው፣ አሁንም «ጋሼ» ብለሽ፣ ግን በጽሑፍ አስጠንቅቂው። ዕድሜ ቋንቋውን ይለውጣል፤ ደንቡን አይለውጥም። አንድ ታላቅ ሰው ከደንብ ውጭ የሆነ ቤት ውስጥ ታናናሾቹ በሳምንቱ ይከተሉታል፣ ያን ጊዜ ማስመለስ የለም።

«ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ነበረኝ። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ተነሳሁ፤ ሌላ ቦታ ተከራይቼ ሳልረጋጋ ሐምሌ ላይ ዶላሩ ተለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ ዘጋሁ። የዕቁብም የዘመድም ዕዳ አለብኝ። የማገኘው ሰው ሁሉ ‹ከውድቀትህ ተማር› ይለኛል። መንግሥት ዶላር ቢለቅ እኔ ምን እማራለሁ?»
የቀድሞ ነጋዴ፣ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ግማሽ እውነት አለህ። ሱቅህ መነሳቱ የአንተ ውድቀት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ማለፉም የአንተ ውድቀት አይደለም። ይህ ዝናብ ነው፤ ለዝናብ ማንም አይወቀስም። እዚያ ላይ ራስህን አትግረፍ። «ከውድቀት መማር» የሚሉህ ሰዎች ብዙዎቹ ሁሉንም በአንተ ላይ ሲጭኑት አይታወቃቸውም።

ግን ዝናቡ ሲመጣ ምን አደረግህ? ያ የአንተ ነው። በደብዳቤህ ሙሉ ቃል ውስጥ አንድ መስመር አየሁ፤ «ነሐሴን ሙሉ ጥሩ ሸጥኩ፣ ሱቁ ሁሉ ባዶ ሆነ» ብለሃል። እዚህ ላይ ቆይ። በባንክ ዋጋ የመጣ፣ 800 ብር የወጣበትን ዕቃ 1,000 ሸጥክ እንበል። 200 አተረፍኩ ትላለህ። ዶላሩ ከ57 ወደ 100 ከሄደ ያንኑ ዕቃ ለመተካት 1,400 ብር ያስፈልግሃል። በእያንዳንዱ ሽያጭ 400 ብር እየጎደለብህ ነበር፣ ሱቁ ደግሞ በገዢ ተሞልቶ ነበር። ደንበኛው ለምን እንደተሻማ አሁን ይገባሃል፤ መርካቶ ያለው ነጋዴ ዕቃውን ደብቆ ሲጠብቅ አንተ ነበርክ ርካሹ። ዋጋ የሚሰላው በገዛህበት ነው ወይስ በምትተካበት? ለሚቀጥለው ሱቅ ይህ አንድ ጥያቄ ይበቃሃል። ከአሥር «ትምህርት» ይበልጣል።

ሁለተኛው የዕቁቡ ነው። የመጀመሪያውን ዕቁብ ለመክፈል ሁለተኛ ዕቁብ ገባሁ ብለሃል። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር መንገር ነበረብህ፤ ለሚስትህ፣ ለዋስህ። አሁንም ቢሆን አልመሸም። የዕቁቡ ዳኛ ጋ ቀድመህ ሂድ፣ ዋስህን ይዘህ፣ በወር ስንት እንደምትችል ቁጥር ይዘህ። ሳይጠሩህ የሄድክ ጊዜ ዕቁብተኛ ይታገሣል። ስልክህን ዘግተህ የተገኘህ ጊዜ ሌላ ነው።

ሁለት የወረቀት ጉዳይ ሳትዘነጋ። ንግድ ፈቃድህን መልሰህ የግብር ክሊራንስህን ካልጨረስክ፣ ሱቁ ቢዘጋም በመዝገብ ላይ ነጋዴ ነህ፤ ግብሩም ቅጣቱም ይቆጠራል። ዛሬ ነገ አትበል። ሌላው ለወደፊቱ ነው። በግለሰብ ፈቃድ ስትነግድ የሱቁ ዕዳ የቤትህም ዕዳ ነው። በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ሒሳቡንና መዝገቡን ለይቶ መያዝ ይጠይቃል፣ ወጪም አለው፤ ግን ሁለተኛ ስትጀምር የሒሳብ ባለሙያ ጋ ቁጭ ብለህ አማክር።

«ቦሌ መንገድ ላይ ያለን ቢሮ ነን፣ 40 ሠራተኛ። አንድ አሠልጣኝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የአንድ ቀን የ‹ድርጅት ባህል› ሥልጠና ልስጥ ብሎ ዋጋ ልኳል። ቲሸርትም አለው። እንክፈል?»
የሰው ኃይል ክፍል፣ ከቦሌ መንገድ

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ከሥልጠናው በፊት ሠራተኞቹን ለየብቻ ያነጋግራል? አለቃውስ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል ወይስ መክፈቻ ንግግር አድርጎ ይሄዳል? ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ምን እንደተለወጠ ያያል? ሦስቱንም አይሆንም ካለ የምትከፍሉት ለሽርሽር ነው። ሽርሽር መጥፎ ነገር አይደለም፤ በጀቱን ብቻ በስሙ ጥሩት። በ2004 ዓ.ም የካይዘን (የጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ ቦታ ማደራጃዎቹ «አምስቱ ማዎች» ያልተለጠፉበት ፋብሪካና ቢሮ ስንት ነው? ከልብ የሚሠራበት ቤት አለ፣ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቢጫ የሆነበትም አለ። አሠልጣኙ አንድ ነው።

ገንዘቡ ካላችሁ እኔ እንዲህ አደርግ ነበር። ግማሹን ለጎበዝ አወያይ ከፍዬ ባለፈው ዓመት የከሸፈ አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝርዝር አስወያያለሁ። በቀረው ቢሾፍቱ ሄዳችሁ አሣ ብሉ። ቲሸርቱን ግን አሳትሙት፤ ሰው ይወደዋል። ቀኑን ከሥሩ ካስጻፋችሁ ደግሞ ከማተማችሁ በፊት ፕሩፉን እዩት።